ዳማ የጠበቀው ቀብር

ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ሁሉ ውሻ አለው። ውሻውን ቁጭ አድርጎ የሚያወራው ግን ኑርዬ ብቻ ነበር። «ውሃው ዛሬም ሸሽቷል ዳማ፣ ቱቦ ልንቀጥል ነው» ይለዋል። ዳማ ጆሮውን አቁሞ ይሰማዋል። ያየ ሁሉ ይስቃል። ኑርዬ ምን ግዱ!

ልጁ ከአምባሰል ገጠር የመጣ ነው። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞተውበታል። ሐይቁ ዳር ቁራሽ መሬት ተከራይቶ፣ በአንዲት የውሃ ሞተር እያጠጣ ይኖር ነበር። አንድ ነገር ትቶ መሄድ ሲኖርበት፣ ሞተሯም ትሁን ጃኬቱ፣ ዳማን አጠገቡ ያስቀምጥና «ከዚህ እንዳትነሳ» ይለዋል። በቃ። ዝናብ ቢመጣ፣ ሥጋ ቢጣልለት፣ ዳማ ንቅንቅ አይልም። የሚነሳው ኑርዬ ተመልሶ «በቃ ዳማ፣ በቃ» ሲለው ብቻ ነው።

ፈዲላ ከኩዌት የተመለሰችው ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ተስፋ በተስፋ በሆነበት ሰሞን፣ በ2011 ነው። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። በዚያ ቤት ስሟን አስተካክሎ የጠራት አልነበረም። ከወጣችበት ስትመለስ በር ላይ ቆሞ የሚቀበላት የእመቤቲቱ ውሻ ብቻ ነበር። ይህንን ለእናቷ ለዑምኩልሱም ብታጫውታቸው «አስተግፊሩላህ! ካገሩ ሁሉ ውሻ ነው የናፈቀሽ?» ብለው ደነገጡ። ዳግመኛ አላነሳችውም።

በተመለሰች በጥቂት ወሯ፣ የአባቷ ማሳ ላይ ለሚውሉት የቀን ሠራተኞች እርጎ በጆግ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሒጃቧን ላስተካክል ብላ ጆጉን መሬት ብታስቀምጥ፣ ቀላ ያለ ውሻ መጥቶ አፉን ከተተበት።

«ያ ረቢ!» ብላ ስትጮህ ኑርዬ ከሽንኩርቱ መሃል ሮጦ ደረሰ።

«አፉ በይኝ እህቴ! ወላሂ እኔ አጥበዋለሁ።»

«ውሻ የላሰው ዕቃ የሚታጠበው ሰባት ጊዜ እኮ ነው፤ ታውቃለህ?»

«አንዱን በአፈር። አሳምሬ አውቃለሁ። ከዚህ ጋር እየኖርኩ ሳጥብ አይደል እንዴ የምውለው!»

ውሃው ዳር ቁጢጥ ብሎ ያጥብ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ጠፋበት።

«ስንት ደረስኩ?»

«እኔ ነኝ እንዴ የምቆጥርልህ?»

«እሺ፣ ከአንድ ልጀምር።»

አራት መድረሱን ፈዲላ ታውቅ ነበር። ግን ለምን ትናገራለች? ያን ቀን ጆጉ አስራ አንድ ጊዜ ታጠበ። እሷም ቆማ አስራ አንዱንም አየች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ለምን እንደምትስቅ ራሷም አታውቅም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ለሠራተኞቹ ምሳ ማድረሱን ከእናቷ ነጠቀችው። ኑርዬ ሲያጠጣ እሷ ቦዩ ዳር ትቀመጣለች፣ ዳማ በሁለቱ መሃል ይጋደማል። የሚያወሩት ስለሽንኩርት፣ ስለኩዌት፣ ስለዳማ ነው። ስለራሳቸው ለመናገር ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ደግሞ ይጣፍጣቸዋል።

አንድ ቀን ግን ኑርዬ ቦዩን እያየ ተናገረው። «ኅዳር ላይ ሽንኩርቱ ይደርሳል። እሱን ሸጬ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ ቢሉኝስ?»

«ለምን እምቢ ይላሉ?»

«ዘመድ የለኝ፣ ቤት የለኝ። ያለኝ ይሄ ውሻ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን አልኩህ? አንተ ብቻ ላክ።»

አባቷ ሸህ አብዱልከሪም ቁርኣን ያስቀራሉ፤ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ጀናዛ የሚያሰግዱም እሳቸው ናቸው። ቆጣ ይላሉ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ስለኑርዬ የሚያውቁት ከውሻ ጋር የሚያወራ ልጅ መሆኑን ብቻ ነበር።

ኅዳር ሳይደርስ ጦርነቱ ቀደመ። ጥቅምት 2014 ላይ ከወልድያ ወዲህ ያለው መንገድ በተፈናቃይ ተሞላ፤ ከዚያ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሐይቅ ድረስ ይሰማ ጀመር። አንድ ማለዳ የሸህ አብዱልከሪም ቤተሰብ ወደ ደሴ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ኑርዬ መጥቶ ሸሁን ደግፎ አወጣቸው፣ ፍራሹን ጫነ፣ መጨረሻ ላይ የፈዲላን ቦርሳ አቀበላት። ዳማ ከእግሩ ሥር ነው።

«አንተስ?» አለችው።

«ዕቃዬን ሸክፌ ማታውኑ ደሴ እደርሳለሁ።»

«ዕቃ ምን ያደርግልሃል? ውጣ አሁን!»

«አብሽሪ። ፈዲላ፣» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሽማግሌ መላኬ አይቀርም። አደራ፣ ሌላ ሰው እሺ እንዳትዪ።»

«ዳማን ይዘኸው ና፣ እንዳትተወው።»

«እሱ መቼ ይለየኛልና!»

መኪናው ተነሳ። ኑርዬ ማታ ደሴ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ከዚያ ደሴም ተለቀቀች፤ ቤተሰቡ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ድረስ ሸሸ። በግርግሩ ስልኳ ጠፋ። ቢኖርም ምን ሊረባ፣ ወሎ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ አካባቢው ነፃ ወጣ ተባለና ተመለሱ። ቤታቸው በሩ ተሰብሯል፣ ዕቃው ተወስዷል። ፈዲላ ለእሱ ዞር ብላም አላየችም፤ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች።

የኑርዬ ጎጆ ተቃጥላለች። ሞተሩ የለም፤ የሐይቅ ዳር ሰው ሞተር ሁሉ ስለተዘረፈ የሱም ተዘርፏል ተባለ። በማሳው ጫፍ ግን ሰው የሚያህል የአፈር ክምር ነበር። ክምሩ ላይ የኑርዬ ጃኬት፣ ጃኬቱ ላይ ዳማ። አጥንቱ ቀርቷል። ሰው ሲጠጋው ጥርሱን ያሳያል።

ከጎን ያለው ማሳ የወይዘሮ የሺሀረግ ነው። ባል የሞተባቸው፣ በጦርነቱ ጊዜም ከቤታቸው ንቅንቅ ያላሉ ሴት ናቸው። «እናንተ የሄዳችሁ ዕለት ማታ እዚህ ግድም ተኩስ ነበር ልጄ» አሏት። «ሲነጋ ይሄው እንዳለ ነው። አፈሩም ውሻውም።»

ከዚህ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል? ሰው ጠፍቷል፣ አፈር ተቆልሏል፣ ውሻው ጌታው ላይ ተኝቷል። ሸህ አብዱልከሪም ከስድስት ሰዎች ጋር ወርደው ሰላተል ጀናዛ አሰገዱ፣ ዙሪያውን ድንጋይ አስደረደሩ። ሶላቱ ሲሰገድ ዳማ አልጮኸም። «ሱብሃነላህ፣ ገብቶታል» አሉ ሰዎቹ። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ፍየል አርዶ ሶደቃ አወጣ፤ ኑርዬ ዘመድ ስለሌለው ሁሉም ዘመዱ ሆነ።

ፈዲላ ብቻ ምንም አልሆነችም። ሚስቱ አይደለችም፣ ባል እንደሞተባት ኢዳ አትቆጥር። እጮኛው አይደለችም፣ ማንም አላወቀ። እህቱ አይደለች። ሌሊት አልቅሳ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ዱቄት ትነፋለች። እየወረደች ለዳማ ፍርፋሪ ስትጥልለት እንኳን «ከአላህ አጅር ታገኝበታለች» ነበር የሚባለው። በውሻው ትቀና ነበር። እሱ እንዳሻው፣ ሰው ፊት፣ ቀን ከሌት ቀብሩ ላይ ይተኛል።

የካቲት ላይ ሀሚዱ ሽማግሌ ላከ። ከጅዳ ተመልሶ ውጫሌ ሱቅ የከፈተ፣ ጨዋ፣ ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው። እንከን ቢፈልጉለት አይገኝም። ዑምኩልሱም ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ኒካሑ ከዒድ በኋላ ይሁን ተባለ። «ምን ትያለሽ ልጄ?» ሲሉ አባቷ ጠየቋት።

«እናንተ ካላችሁ እሺ» አለች። ያን «እሺ» ስትል ወደ ሐይቁ በኩል ላለማየት ፊቷን አዞረች።

መጋቢት መባቻ ላይ እንደልማዷ ለዳማ ምግብ ይዛ ወረደች። ወራቱ ሲረዝሙ ዳማ ለምግብና ለውሃ ያህል መነሳት ለምዷል፤ ወርዶ በላ፣ ሐይቁ ድረስ ሄዶ ጠጣ፣ ዙሪያውን አሽትቶ ተመልሶ ክምሩ ላይ ወጣ። ወይዘሮ የሺሀረግ ጎመናቸውን እየኮተኮቱ ያዩታል።

«እኔ ግን ይሄ ውሻ አይገባኝም» አሉ።

«ምኑ እትዬ?»

«ባሌ የሞተ ጊዜ ውሻችን ሁለት ሳምንት ሲያላዝን ሰነበተ። እህል አልቀምስ ብሎ ጎኑ ተጣበቀ። ይሄ አንድ ቀን ሲያላዝን ሰምቼው አላውቅም። ሲሰጡት ይበላል፣ የመጣውን ያባርራል፣ ቦታውን ይይዛል። ይሄማ ሥራ ላይ ነው እንጂ ሐዘን ላይ አይደለም።»

ፈዲላ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ቀና አለች።

ጃኬቱን አየችው። ኑርዬ ገበያ ሲሄድ የሚተወው እሱን አልነበር? ዳማ ጌታው ሞቶበት ቢሆን ያላዝን ነበር፣ በሕይወት ካለም ያለበት ይሄዳል። አልለይ ያለውን ውሻ እዚህ ሊያስቀምጠው የሚችል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚህ እንዳትነሳ።

ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። አባቷ ደረሶቻቸውን አሰናብተው ኪታብ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ያ ቀብር ይከፈት።»

«የምን ቀብር?»

«የኑርዬ። ኑርዬ የለበትም።»

ሸሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ጤናም የለሽ? እኔ የሰገድኩበትን ጀናዛ? ሙት ይረበሻል?»

«ዳማ ዕቃ ነው የሚጠብቀው አባ። ሰው አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺ ውሻውን ከየት ታውቂዋለሽ?»

ፈዲላ ቁጭ አለች። ከዚህ ወዲያ መደበቅ ምን ሊጠቅም? «ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ጌታውንም አውቀዋለሁ። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ሊልክብዎ ነበር። እሱ እዚያ ውስጥ ካለ ሁለተኛ ስሙን አላነሳም፣ ሀሚዱን አገባለሁ፣ ቃሌ ነው። ከሌለበት ግን የሌላ ሰው ሚስት ሆኜ አንድ ቀን በበሩ ሲያልፍ ማየት አልችልም። እንደዚያ ከሆነ እሞታለሁ አባ።»

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። ዑምኩልሱም ከጓዳ ወጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ትወጅዋለሽ?» አሉ ሸሁ።

«አዎ አባ። እወደዋለሁ።»

ፈዲላ ቁጣ ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን ኪታቡን ዘጉ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ» አሉ። «ያ ቀብር ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ የዞረ አልነበረም። ስሰግድበት አይቻለሁ። የቀበሩት የማያውቁ ይሆናሉ ብዬ ዝም አልኩ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ማቃናቱ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ ይመጣብኛል። ቢኖርበትም ልናቃናው ይገባል። ነገ ከሱብሒ በኋላ እንከፍተዋለን።»

«ሸሁ!» አሉ ዑምኩልሱም፣ «ሀሚዱ ምን ይላል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ይበል፤ አላህ የሚጠይቀኝን እኔ ነኝ የምመልሰው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አራት ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሸህ አብዱልከሪም ንጹሕ ከፈን በብብታቸው ይዘዋል። ወይዘሮ የሺሀረግ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ዳማ አካፋውን ሲያይ ጸጉሩን አቆመ፤ አንዱን ሰውዬ ሊነክስ ለጥቂት ሳተው።

ፈዲላ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ኑርዬ እንደሚለው አድርጋ አለችው።

«በቃ ዳማ። በቃ።»

ውሻው ትክ ብሎ አያት። ሌላ ሰው ይህን ቃል ብሎት አያውቅም። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከክምሩ ወረደና አጠገቧ ተቀመጠ።

ቁፋሮው ጉልበት ድረስ ሲደርስ ሰማያዊ ሸራ ታየ። አንዱ «ኢና ሊላሂ» ብሎ አካፋውን ጣለ። ሁሉም ፊቱን አዞረ። ፈዲላ አይኗን ጨፍና የዳማን አንገት ይዛለች። ሸሁ ብቻ ወደ ጉድጓዱ ወርደው ሸራውን በሁለት እጃቸው ገለጡ።

«አባ?» አለች አይኗን ሳትገልጥ።

«ሞተር ነው» አሉ።

«ምን?»

«የውሃ ሞተር ነው! እስከነቱቦው!» ሸህ አብዱልከሪም ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ከነከፈናቸው ቁጭ አሉ። «ያ አላህ! እኔ ሸምግዬ ሞተር ላይ ሰገድኩ?»

ወይዘሮ የሺሀረግ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን ሳቁ አመለጣቸው። ከዚያ ቆፋሪዎቹ፣ ከዚያ ሸሁ ራሳቸው፣ ሁሉም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፈዲላ አልሳቀችም። የዳማ አንገት ላይ ተደፍታ፣ ሦስት ወር ለሰው ያላሳየችውን ለቅሶ አለቀሰችው። ማጠቡ በኋላ ይደርሳል።

ወሬው ክንፍ አወጣ። ከደሴ ወልድያ በሚመላለሰው ሚኒባስ ሁሉ የሚወራው ለሞተር ስለታረደው ፍየል ሆነ። ሀሚዱ ጨዋነቱን አሳየ፤ ራሱ መጥቶ «ልቧ ሌላ ቦታ ያለን ሰው አላገባም፤ አላህ ልጁን ያምጣላት» ብሎ ሄደ። ዳማ የሸሁ ግቢ በር ላይ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዝም ብሎ ተኛ።

ኑርዬ ግን የለም። ፈዲላ በየቀኑ ትጠይቃለች፣ ያየ የለም። «ጉድጓዱ ውስጥ አለመኖሩ አለ ማለት እኮ አይደለም» አሏት እናቷ በርኅራኄ። ይህንን እሷም ታውቅ ነበር፤ እንቅልፍ ያሳጣትም እሱው ነበር።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሸሁ ስልክ ጠራ። እሳቸው ውዱእ ላይ ስለነበሩ ፈዲላ አነሳችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። «ማን ልበል?»

«ዳማ በላ?» አለ ድምፁ።

«አንተ!»

«በላ ወይ?»

«የት ነው ያለኸው?»

«ሎጊያ። አፋር። ሞተሩን ስቀብር መሸብኝ። የደሴ መንገድ ተዘግቶ በባቲ በኩል ወጣሁ። ዳማ ተመልሼ እስክመጣ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቅልኝ ብዬ ነው። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ፈነዳና… ፈዲላ፣ ግራ እግሬ የለም። ከጉልበቴ በታች የለም።»

«ስልክስ? አምስት ወር ሙሉ ስልክስ?»

«ያንቺ አይሠራም። የአባትሽን ቁጥር ይዤ ልደውል ስል አንድ ነጋዴ፣ ሐይቅ ላይ ተሰግዶብሃል አለኝ። በኋላም ውጫሌ ያለ ሀብታም ጠይቋታል አሉኝ። ምን ይዤ ልምጣ? ዱሮም የሌለኝ፣ አሁን ደግሞ እግር የለኝ። እንደሞትኩ ልቅርላት አልኩ። አሁን የሞተሩን ወሬ ከሹፌሮች ብሰማ ግን አላስቻለኝም።»

ፈዲላ እንባዋ እየወረደ ተናደደች። ንዴቷ ከደስታዋ በለጠ።

«ስማኝ ኑርዬ። ውሻውን ከዚህ እንዳትነሳ አልከው፣ ጎኑ እስኪጣበቅ አልተነሳም። እኔን ሌላ ሰው እሺ እንዳትዪ አልከኝ፤ አባቴን ቀብር ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከሦስታችን ቃሉን ያጠፈው አንተ ብቻ ነህ! እግርህን ማን ጠየቀህ? ለአንድ የውሃ ሞተር ሦስት ወር ያለቀስኩ ሴት፣ እግር የለኝም ብለህ ታስፈራራኛለህ?»

ከወዲያ በኩል ሲያለቅስ ሰማችው።

ፈዲላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ በሩ ወጣች። ዳማ ጥላ ሥር ተጋድሟል። የኑርዬን ለቅሶ ሲሰማ ብድግ አለ። ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ መንገዱን አየ። ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ያላዝን ጀመር፤ ረጅም፣ ሰፈሩ ሁሉ የወጣለት ማላዘን። ቀብሩ ላይ አንድ ቀን ያላሰማውን ድምፅ ያን ጊዜ አሰማው።

«መጣሁ» አለ ኑርዬ። «መጣሁ በይልኝ።»

«ራስህ ንገረው» አለች ፈዲላ፣ ስልኩንም የውሻው ጆሮ ላይ ያዘችለት።

በአራተኛው ቀን መጣ። በምርኩዝ ከሚኒባሱ ሲወርድ ዳማ ሮጦ ደርሶ ሊጥለው እስኪደርስ ተጠመጠመበት፣ ፈዲላ ደግሞ እንዳይወድቅ በክንዱ ደገፈችው፤ ሰው ፊት የነካችው ያን ጊዜ ነው፣ የተናገራትም የለም። ኑርዬ ሸህ አብዱልከሪምን ሲያይ ሊንበረከክ ቃጣው፤ የሚንበረከክበት እግር ቸገረው። ሸሁ ያዙት።

«ተው፣ ቁም። ሽማግሌ ልትልክብኝ ነበር አሉ፤ ለምን ታስቸግራቸዋለህ፣ ራስህ መጥተሃል» አሉት። «አንድ ጊዜ ሰግጄብሃለሁ፣ በቃኝ። አሁን ደግሞ ኒካሕህን ልሰርና ልረፍበት።»